አራተኛው አውትፊልደር ሆኜ ያሳለፍኳቸው ዓመታት

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸው አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል ለሚጫወቱ፣ ነገር ግን ጨዋታው እንደ ሥራ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው ሰው ላላገኙ ወላጆች ነው። ከ2014 እስከ 2021 ድረስ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደመወዝ እየተከፈለኝ ቤዝቦል ተጫውቻለሁ። ሰባት የተለያዩ ማሊያዎች ለብሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰናብቻለሁ፣ የቤዝቦል ከፍተኛው እርከን የሆነው ሜጀር ሊግ ግን አንድም ቀን አልደረስኩም። ስለ ደረሱትና ስለ ከበሩት ብዙ ይወራል፤ ከክለብ ክለብ፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ጉልበታቸውን በመካከለኛው እርከን ላይ ስለሚጨርሱት ግን የሚናገር እምብዛም የለም። በቁጥር የሚበዙት ደግሞ እነዚህኞቹ ናቸው።

ቤተሰቦቼ በዲቪ ዕድል ከደሴ ወደ ሜሪላንድ የመጡት በ2001 ሲሆን፣ እኔ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አገር ቤት የአማርኛ መምህር የነበረው አባቴ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሥራ ያዘ፤ እናቴም በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠረች። የክፍል ጓደኞቼ አንድ ቅዳሜ ፓርክ ይዘውኝ ሄደው ዱላና ጓንት ሰጡኝ። አባቴ ዱላውን ሲያይ ሳቀና «ይሄማ የገና ዱላ ነው፤ ጫፉን ማቆልመም ብቻ ረስተዋል» አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አባባል እያነሳም፣ በኳስ ተመትቼ ከንፈሬ አብጦ ስመለስ ሳይቆጣ ያሳልፈኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ያዘ፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ በአማርኛ እንድጽፍለት አደረገኝ። ይህ ልማድ ለሥራዬ እንዴት እንደጠቀመኝ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቤዝቦል ሲከላከሉ ከሚሰለፉት 9 ተጫዋቾች ሦስቱ አውትፊልደር ይባላሉ። ከቤዞቹ (ሯጮች እየረገጡ ከሚዞሯቸው ማረፊያዎች) በስተኋላ ባለው ሰፊ ሣር ላይ አንዱ በግራ፣ አንዱ በመሀል፣ አንዱ በቀኝ ይቆማሉ። ከመቺው እስከ አጥሩ ያለው ርቀት በዳሮቹ በኩል 100 ሜትር ገደማ፣ በመሀል በኩል ደግሞ እስከ 120 ሜትር ይደርሳል፤ ያንን ሁሉ መሬት የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በግራና በቀኝ የሚቆሙት በዱላቸው እንጀራ የሚበሉ ናቸው፤ ክለቦች ከእነሱ የሚጠብቁት ኳሷን ከአጥር በላይ መስደድ ነው። የመሀሉ ደግሞ በእግሩ ይኖራል። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ስለሆነና ጉልበቴም ኳስ ከአጥር የሚያሻግር ስላልሆነ፣ በዳሮቹ በቋሚነት ልሰለፍ አልችልም ነበር፤ በመሀል በቋሚነት ለመሰለፍ ደግሞ ከእኔ የሚፈጥን ሰው በየክለቡ አይጠፋም። የቀረኝ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ በሦስቱም ቦታ ያለ ስህተት ሊቆም የሚችል፣ አንዱ ሲታመም ወይም ሲደክም የሚገባ አራተኛ ሰው መሆን። ሰባቱን ዓመት የኖርኩት በዚህች ቦታ ነው። ልጃችሁ ግዙፍ መቺ ካልሆነ፣ ከ14 እና 15 ዓመቱ ጀምሮ በሦስቱም ቦታ እንዲለማመድ አሰልጣኙን ለምኑለት፤ ብዙ አሰልጣኞች ልጁን በለመደበት ጥግ አቁመው ዓመታት ያሳልፋሉና።

ስለ ሙያው ራሱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው አውትፊልደር ቆሞ የሚውል ሰው ይመስላል። አባቴም ለብዙ ዓመታት «ሦስት ሰዓት ቆመህ ለአንዲት ኳስ ነው?» ይለኝ ነበር። የሥራው ዋና ነገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ኳሷ ዱላውን ስትነካ የሚሰማው ድምፅ፣ የመቺው ትከሻ አቀማመጥ፣ ካቸሩ (ከመቺው በስተኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ፒቸሩን (ለመቺው ኳስ የሚወረውረውን) የጠየቀው የኳስ ዓይነት፣ እነዚህ ተደማምረው ኳሷ ገና ከሜዳው ውስጠኛ ክፍል ሳትወጣ እግር ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መነሳት አለበት። በቀጥታ ወደ እናንተ የምትመጣ ኳስ ከሁሉም ትከብዳለች፤ ከፊት ትወድቅ ይሁን በራስ ላይ ታልፍ ለመለየት ጎን የላትምና። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ኋላ ይሁን፤ ወደ ፊት መመለስ ከጀርባ ያለፈችን ኳስ ከማሳደድ ይቀላል። ሲሮጡም በተረከዝ መሬቱን እየደበደቡ ሳይሆን በጣቶች ላይ ነው፤ አለዚያ ዓይን ይንቀጠቀጥና ኳሷ አየር ላይ የምትዘል ትመስላለች። በግራና በቀኝ መስመር አጠገብ የምትመታ ኳስ በአብዛኛው ወደ መስመሩ ስለምትታጠፍ፣ ወደምትታይበት ሳይሆን ወደምትደርስበት መሮጥ ያስፈልጋል።

ወደ አዲስ ሜዳ በገባሁ ቁጥር ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድሜ እወጣና አጥሩን ከዳር እስከ ዳር እዞረው ነበር። ከአጥሩ በፊት ሣር የሌለው አፈራማ ጠርዝ አለ፤ እግር እሱን ሲረግጥ ግድግዳው እንደቀረበ ያውቃል። ከዚያ ጠርዝ እስከ አጥሩ ስንት እርምጃ እንዳለኝ እቆጥራለሁ፣ ኳስ በግድግዳው ላይ እየወረወርኩ እንዴት እንደምትነጥር አያለሁ፣ ባንዲራው ወዴት እንደሚነፍስና በ12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ የማንን ዓይን እንደምትመታ አያለሁ። ይህን ሁሉ በደብተር የምይዘው በአማርኛ ነበር። የአባቴ የሳምንት ገጽ የሰጠኝ ጥቅም ይህ ነው፤ ደብተሬን መቀመጫ ላይ ጥዬው ብሄድ የተጋጣሚም ሆነ የራሴ ቡድን ተጫዋች ሊያነበው አይችልም። ከመካከላቸው አንዱ ጸሎት ይመስለው ነበርና ገጹን ሳይገልጥ ወደ ጎን ያስቀምጥልኝ ነበር።

ከመያዝ ቀጥሎ መነጋገር ነው። ሁለት ሰዎች ወደ አንዲት ኳስ ሲሮጡ ቃል የሚወስነው የመሀሉ ነው፤ እሱ «የኔ ናት» ካለ ሌላው ይለቃል። ክለቦቹ ውስጥ ከዶሚኒካን፣ ከቬኔዝዌላና ከሌሎች አገሮች የመጡ ብዙ ተጫዋቾች ስላሉ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም መጮህ መልመድ ያሻል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በድንጋጤ «ተወው!» ብዬ በአማርኛ ጮኬ ከጓደኛዬ ጋር ተላትመን እሱ ትከሻው ወልቋል። እናቱ ቤታችን ድረስ መጥታ ምን እንዳልኩት ጠይቃ ነበር፤ እናቴ ስትተረጉምላት ሁለቱም ሳቁ፣ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ አልሳቅኩም።

ወደ ኮሌጁ ጉዳይ ልለፍ፣ ወላጆች በብዛት የሚታለሉት እዚህ ላይ ነውና። የእኛ ሰዎች «ልጄ ጎበዝ ስፖርተኛ ስለሆነ ኮሌጅ በነፃ ይማራል» ሲሉ እሰማለሁ። ቤዝቦል እንደ አሜሪካን ፉትቦል አይደለም። እስከ 2025 በነበረው ደንብ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን አንድ፣ የሚወዳደር ኮሌጅ ለቤዝቦል መስጠት የሚችለው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ይሸነሽነው ነበር። ከ2025ቱ የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲሱን አሠራር የተቀበሉ ኮሌጆች የተጫዋቾቻቸው ቁጥር በ34 ተወስኖ የስኮላርሺፑ ጣሪያ ተነስቶላቸዋል፤ ጣሪያው ተነሳ ማለት ግን ኮሌጁ ለሁሉም ይከፍላል ማለት አይደለም። እኔ በአቅራቢያችን ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጀምሬ፣ ከዚያ ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ተዛውሬ የትምህርት ክፍያዬን ሩብ ብቻ ነው በስፖርት ያገኘሁት። የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ የሚንቁ ወላጆች አሉ፤ ለእኔ ግን በየቀኑ መሰለፍ የቻልኩበት፣ ክፍያውም ከቤተሰቤ አቅም ያልወጣ ቦታ ነበር።

ሌላው ወጥመድ «መልማዮች ይመጣሉ» እየተባለ የሚዘጋጀው የችሎታ ማሳያ ፕሮግራም ነው። አባቴ የወር ቁጠባውን ከፍሎ አንዱን አስገባኝ። እዚያ 200 ልጆች ቁጥር ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይሮጣሉ፣ አምስት ኳስ ይወረውራሉ፣ አሥር ኳስ ይመታሉ፤ ከዚያ በሳምንቱ ለሚቀጥለው ፕሮግራም የክፍያ ጥያቄ በፖስታ ይመጣል። ሁሉም ዋጋ የለውም አልልም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የትኞቹ ኮሌጆች አሰልጣኞቻቸውን እንደሚልኩ በስም ጠይቁ፣ ከዚያም ለአሰልጣኞቹ ራሳቸው ደውላችሁ አረጋግጡ። ልጁ በኮሌጅ ሜዳ ላይ የሚሰጥ ርካሽ የበጋ ሥልጠና ቢሄድ በዚያው ኮሌጅ አሰልጣኝ ዓይን ፊት ቀኑን ሙሉ ይውላል።

በ2014 የሜጀር ሊግ ክለቦች በ40 ዙር ከ1,200 በላይ ተጫዋቾች ሲመርጡ የእኔ ስም አልተጠራም። ሦስቱን ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ስልኬን ከበን ተቀመጥን፤ እናቴ ቡና ስታፈላ እጣኑ አልቆባት ነበር። ምርጫው ባለቀ በሁለተኛው ቀን አንድ ክለብ ደወለና 1,000 ዶላር የፊርማ ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ሰጠኝ። ዛሬ ቢሆን ይህም ላይገኝ ይችላል፤ ምርጫው ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ብቻ ነው፣ ከሜጀር ሊግ በታች ተጫዋቾች የሚያድጉባቸው የታችኛው ሊግ ክለቦች ቁጥርም ከ160 ወደ 120 ወርዷል። እኔ አርዓያዬ ያደረግኩት አውትፊልደር ራጃይ ዴቪስ በ2001 የተመረጠው በ38ኛው ዙር ነበር፤ ስምንት የሜጀር ሊግ ክለቦች ተዘዋውሮ 415 ቤዝ ሰርቋል (ኳስ ሳትመታ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ደርሷል)፣ በ2016 ወርልድ ሲሪዝ በሚባለው የሜጀር ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታም ክሊቭላንድን በስምንተኛው ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች በስምንተኛው) አቻ ያደረገውን ሆም ራን (ከአጥር በላይ የምታልፍ ምት) መትቷል፤ ቡድኑ በመጨረሻ ቢሸነፍም። ዛሬ 38ኛ ዙር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ልጃችሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ሊመረጥ ከቻለና ኮሌጅ ትቶ ልፈርም ካለ፣ ክለቡ ወደፊት የኮሌጅ ወጪውን እንዲሸፍን የሚያስገድደው አንቀጽ በውሉ ውስጥ በገንዘብ መጠን ተገልጾ ካልተጻፈ አያስፈርሙት። ያ አንቀጽ በኋላ አይጨመርም፤ ተጫዋቹም ጨዋታ ካቆመ በ2 ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ካልጀመረ ይቃጠላል። እኔ ስፈርም ለመመረቅ 11 ክሬዲት ይቀረኝ ነበር፤ በሁለተኛው ክረምት፣ ማለትም ውድድር በሌለበት የብርድ ወቅት፣ ተመልሼ ጨረስኩት። በሕይወቴ ከመታሁት ኳስ ሁሉ ይልቅ ያ ክረምት ጠቅሞኛል።

የመጀመሪያ ደመወዜ ታክስ ሳይቆረጥ በወር 1,100 ዶላር ሲሆን፣ የሚከፈለውም ጨዋታ ባለባቸው ወራት ብቻ ነበር። በየካቲትና በመጋቢት ፍሎሪዳ ለዝግጅት ስንሰበሰብ ደመወዝ የለም። አምስት ሆነን ባለሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን በአየር ፍራሽ ላይ እንተኛለን፤ በክረምት ከአባቴ ጋር መኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። ቀኑ እንዲህ ያልፋል፤ ማታ 4 ሰዓት ጨዋታው ያልቃል፣ ታጥበን አውቶቡስ እንገባለን፣ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ተጉዘን ሲነጋጋ ሌላ ከተማ እንደርሳለን፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ እንገኛለን። ያኔ በአምስት ወር ውስጥ 140 ጨዋታ ነበር። ከ2021 ወዲህ ሰኞ ሰኞ ዕረፍት ሆኖ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በተከታታይ ስድስት ጨዋታ ስለሚደረግ የአውቶቡሱ ስቃይ በእጅጉ ቀንሷል።

ጾም ለሚጾሙ ልጆች ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት ልክ ክለቡ ማንን እንደሚያስቀር በሚወስንበት የዝግጅት ወቅት ላይ ነው። በ2015 ሳልዘጋጅ ጾሜ በሦስት ሳምንት 4 ኪሎ ቀነስኩ፤ የምወረውረው ኳስም መሬት እየነካ ይደርስ ጀመር። ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬ ከሥጋና ከወተት እየተከለከልኩ የሰዓቱን ጾም ተውኩ፤ እሳቸው የፈቀዱልኝ ለእኔ ነውና እያንዳንዱ የራሱን አባት ይጠይቅ። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ሽሮና በሶ በካርቶን ላከችልኝ፤ እኔም ለክለቡ የምግብ ባለሙያ አስቀድሜ ነገርኳት፣ እሷም ምስርና ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና አቮካዶ በየቀኑ እንዲኖር አደረገች። ተጫዋቾች ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ሲቆረጥሙ እኔ ቆሎ እቆረጥም ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቡድኑ ግማሽ ከኪሴ ይዘግን ጀመር። አስቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከዚያ ነው፤ ዝም ብሎ የሚከሳ ልጅ ለአሰልጣኙ የታመመ ወይም የሰነፈ ይመስላል።

በመጋቢት 2017 መጨረሻ አንድ ጠዋት መልበሻ ክፍል ስገባ አንድ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝና «ቢሮ ይፈልጉሃል» አለኝ። ውይይቱ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ስለ ጨዋታዬ ምንም መጥፎ አልተናገሩም። ባለፈው ዓመት ለመረጧቸው ወጣት አውትፊልደሮች ብዙ ገንዘብ ስለከፈሉ እነሱን ማሰለፍ ነበረባቸው፤ እኔ ደግሞ 25 ዓመቴ ነበር፣ የተከፈለብኝም 1,000 ዶላር ነው። ለቀጣሪ ክለብ እኔን ማሰናበት ምንም አላስከፈለውም። ይህን ስሌት መረዳት ያስፈልጋል፤ ክለብ በልጅ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ ልጁ ሲደክም የሚጠብቁበትን ጊዜ ይወስናል። በሜዳ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ሁለት ልጆች በክለብ ውስጥ ተመሳሳይ ዕድሜ የላቸውም።

ወደ ቤት ተመልሼ ከአባቴ ጋር መኪና ሳቆም በዚያው በሚያዝያ ወር፣ ጊፍት ንጎፔ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ በአፍሪካ ተወልዶ ሜጀር ሊግ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በታችኞቹ ሊጎች ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምታት ሲቆም መትቶ ቤዝ ላይ ደረሰ። አባቴ ዜናውን በስልኩ አሳየኝና «አንተ ገና ሦስት ዓመትህ ነው» አለ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋታውን እንድተው የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ማታ ቤት ገብተን በወረቀት ላይ ስምምነት ጻፍን። ሁለት ተከታታይ ዓመት ካለሁበት ደረጃ ከፍ ካላልኩ አቆማለሁ፤ ለመጫወት ብዬ ከማንም ገንዘብ አልበደርም፤ 30 ዓመት ከሞላኝ በኋላ አዲስ የውድድር ዘመን አልጀምርም። አባቴ ወረቀቱን በመምህር እጅ ጽሑፉ ገልብጦ ሁለታችንም ፈረምንበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ከተስፋ መቁረጥ በፊት፣ ሁለቱም ወገን ልቡ ረጋ ባለበት ሰዓት ቢጻፍ እመክራለሁ። በተሰናበቱበት ሳምንት የሚወሰን ውሳኔ በአብዛኛው ወይ በንዴት ነው ወይ በእልህ፤ እኔና አባቴ አንድ ወር ያህል ጠብቀናል።

ከዚያ ወደ ገለልተኛ ሊግ ገባሁ። እነዚህ ሊጎች የሜጀር ሊግ ክለቦች ባለቤትነት የሌለባቸው ሲሆኑ፣ ተጫዋቹ በማንኛውም ቀን ሊባረር፣ በማንኛውም ቀንም በሌላ ክለብ ሊገዛ ይችላል። ብዙዎች የሙያ መቃብር ይሉታል። እኔ ግን ሦስቱንም ቦታ በጥንቃቄ የተማርኩት እዚያ ነው፤ የተጫዋቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ በየቀኑ ሌላ ቦታ እሰለፍ ነበርና። በሐምሌ 2018 አንድ የደብል ኤ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ደረጃ በታች) ክለብ የመሀል ሜዳ ተጫዋቹ ጉልበቱን ተጎድቶበት ሦስቱንም ቦታ የሚሸፍን ሰው ሲፈልግ ውሌን ገዛ። መልማዩ ስለ ዱላዬ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

በ2019 ለ19 ቀናት ትሪፕል ኤ ደርሻለሁ፤ ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ በታች። በዚያ ዓመት ትሪፕል ኤ የሜጀር ሊጉን ኳስ መጠቀም ስለጀመረ ሆም ራን ያለ ልክ በዝቶ፣ «ይዣታለሁ» ብዬ የሮጥኩባቸው ኳሶች ከአጥር በላይ ሲያልፉ ቆሜ አይ ነበር። እኔም ራሴ ሁለት መታሁ፤ ያኔ ኳሱ እንግዳ መሆኑን በእርግጠኝነት አወቅኩ። አንድ ማታ የበላዩ ክለብ አውትፊልደር የጭኑ ጅማት ተጎዳና አሰልጣኙ ሁለታችንን ወደ ቢሮው ጠራን። በዚያ ወር ከሌላው ይልቅ እኔ ተሽዬ እመታ ነበር። የሄደው ግን እሱ ነው፤ ምክንያቱም ስሙ ለሜጀር ሊግ ሊጠሩ በሚችሉት የክለቡ የ40 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። እኔን ለመጥራት ከ40ው አንድ ሰው መሰረዝ፣ የተሰረዘውንም ሌሎቹ 29 ክለቦች እንዲወስዱት ማጋለጥ ያስፈልግ ነበር፤ ለአራተኛ አውትፊልደር ሲባል ይህን የሚያደርግ የለም። በሜጀር ሊግ አንድ ቀን መመዝገብ የጤና መድን መብት፣ 43 ቀናት ደግሞ የጡረታ መብት ያስገኛል። ያ ልጅ በዚያ ዓመት 43ቱን አልፏል። ቂም አልያዝኩበትም፤ ሻንጣውን አብሬው ነው ያሸከምኩት። ልጃችሁ ታችኛው ሊግ ከገባ ግን ከመምታት ቁጥሩ እኩል ዝርዝሩ ውስጥ ስለ መኖሩና ስለ አለመኖሩ፣ ስንት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነፃ ተጫዋች እንደሚሆን ይወቅ።

በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ከዝግጅት ቦታ ወደየቤታችን ተበተንን። ክለቦቹ በሳምንት 400 ዶላር እየሰጡን ቆይተው፣ በግንቦት መጨረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰናበቱ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የዚያ ዓመት የታችኛው ሊግ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ። ወኪሌ ያን ጊዜ ስልክ ማንሳት አቆመ። ከታችኛው ሊግ ደመወዜ ምንም አልወሰደም ነበርና እሱንም አልወቅሰውም፤ ሥራው የሚከፍለው እኔ ላይኛው ሊግ ብደርስ ብቻ ነበር።

አሁን የሚገቡ ልጆች ከእኛ የተሻለ ጊዜ ያገኛሉ። ከ2022 ጀምሮ ክለቦች ማደሪያ እንዲሰጡ ግዴታ ሆኗል፤ ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ሲፈርሙ የዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ በደብል ኤ ከ13,800 ወደ 30,250 ዶላር፣ በትሪፕል ኤ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር አደገ። ባልተከፈለን የዝግጅት ጊዜ የተነሳ ተጫዋቾች የከሰሱበት ጉዳይም በ2022 በ185 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አልቋል። ያም ሆኖ በዚያው በ2023 የሜጀር ሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በአንድ የስልክ ጥሪ ይህን ያህል የሚለያይ ኑሮ ሰውን ከዕድሜው በላይ ያስጠብቀዋል፤ እኔንም አስጠብቆኛል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀርተውኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ በተለያዩ ስቴቶች ስለሚጫወት ልጁ በየስቴቱ ግብር ማሳወቅ ሊኖርበት ይችላል፤ እኔ አንዱን ረስቼ ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጣት ደርሶኛል። ሌላው፣ ከሱቅ የሚገዛ የጉልበት ዱቄትም ሆነ ከቤት የሚላክ የባህል መድኃኒት ለክለቡ ሐኪም ሳያሳይ አይውሰድ። የተከለከለ ነገር ከተገኘበት «አላወቅኩም» ማለት አያድነውም፤ ቅጣቱም ብዙውን የውድድር ዘመን ይበላል።

በ2021 ከገለልተኛ ሊጎች አንዱ ወደሆነው አትላንቲክ ሊግ ገባሁ። በዚያ ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ ሊጉ ለሙከራ የፒቸሩን መቆሚያ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ስላራቀው፣ ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ርቀት ተለውጦ ኳስ ቀድሜ መምታት ጀመርኩ። በጥር 30 ዓመት ሊሞላኝ ስለነበር ወረቀቱ የውድድር ዘመኑ የመጨረሻዬ መሆኑን ይናገራል፤ አባቴ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም። በመስከረም መጨረሻ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ባለችው ዋልዶርፍ እንግዳ ቡድን ሆነን ስንጫወት ወላጆቼ መጥተው ከቀኝ ሜዳ አጠገብ ተቀመጡ። በስምንተኛው ኢኒንግ ተቀይሬ ገባሁ። ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ሳሉ ወደ መስመሩ የምትታጠፍ ኳስ ተመታች፤ አፈራማውን ጠርዝ ረግጬ ከሁለት እርምጃ በኋላ ያዝኳት።

ጨዋታው ሲያልቅ አባቴ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ያቺን ኳስ ሳትመታ ነው እንዴ መሮጥ የጀመርከው?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሲያየኝ የመጀመሪያውን እርምጃ ያየው ያን ቀን ነው። ሳትመታ ሳይሆን ልክ ስትመታ መሆኑን፣ ካቸሩ ምን እንደጠየቀ፣ የመቺው ትከሻ እንዴት እንደተከፈተ እያስረዳሁት፣ እናቴ ከኋላ ቆሎ እያቀበለችን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለዚያች ኳስ ብቻ እያወራን ሄድን።